ሰባት ኪሎ ከድሬ፦ በእጅ ሻንጣ ብቻ ለሚበር ሰው የቱ ይሻላል?

በእጅ ሻንጣ ብቻ ልብረር ያለ ሰው «ምን ልያዝ?» ከማለቱ በፊት «በምን ልያዝ?» ይበል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚሄድ መንገደኛ የሚፈቅደው አንድ የእጅ ሻንጣ ነው፤ ክብደቱ እስከ 7 ኪሎ፣ መጠኑ 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። ብዙ ሰው ሻንጣ ሲገዛ የሚያየው ሴንቲ ሜትሩን ነው። ሻጩም «ይሄ ሃንድ ላጌጅ ነው፣ አታስብ፣ ይገባል» ይለዋል። እውነቱን ነው፣ ይገባል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሻንጣው ባዶውን ሦስት ኪሎ ሆኖ ይገኛል። ለባለቤቱ የቀረው አራት ኪሎ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ፣ ወይም በቦሌ በኩል ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለአብዛኛው የእኛ አካባቢ መንገደኛ የጨርቅ የጀርባ ቦርሳ ከባለ ጎማው ሻንጣ ይሻላል። ሚዛኑም መንገዱም ለእሱ ያደላሉ። የማይሻላቸው ሰዎችም አሉ፤ ስንደርስ እንጠራቸዋለን።

በእጅ ብቻ ወይስ አስረክቦ?

ስለ ቀላል ጉዞ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የመጣው ከአውሮፓ ርካሽ አየር መንገዶች ነው። እነሱ ዘንድ ሻንጣ ማስረከብ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ሰው በእጅ ብቻ የሚሄደው ገንዘቡን ለማዳን ነው። እኛ ጋ የትኬቱ ዋጋ በአብዛኛው የሚረከብ ሻንጣንም ይጨምራል። ስለዚህ ሻንጣ ባለማስረከባችሁ የምታተርፉት ብር የለም፤ ትርፉ ጊዜ ነው።

ከድሬ ቦሌ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውቶቡስ ንጋት ላይ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ የሚጓዘውን መንገድ በአንድ ሰዓት ለመጨረስ ከፍላችሁ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ሻንጣ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ያናድዳል። ጠዋት ሄዶ ጉዳዩን ጨርሶ በማግስቱ ለሚመለስ ሰው፣ ማለትም የኤምባሲ ቀጠሮ ላለው፣ ሰነድ ለሚያረጋግጥ፣ ሐኪም ለሚያይ፣ የእጅ ሻንጣ ብቻውን ይበቃል፤ ከበቂም በላይ ነው። ኤምባሲ በር ላይ ትልቅ ሻንጣ እየጎተቱ መድረስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ብዙዎቹ አያስገቡም፣ የት እንደምታስቀምጡትም እነሱን አያገባቸውም።

ወደ ውጭ ለሚያልፍ መንገደኛ ነገሩ ትኬቱ ላይ ይወሰናል። ከድሬ እስከ መጨረሻው አገር በአንድ ትኬት ከሆነ የሚረከበው ሻንጣ እስከዚያው ሊላክ ይችላል፤ ድሬ ላይ ሲታሰርለት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ከተማ የመጨረሻው መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። የአገር ውስጡና የውጭው ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ ግን ቦሌ ላይ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ወጥቶ፣ እንደገና ማስረከብ አለ። መካከሉ ጠባብ ከሆነ በእጅ ብቻ መሄድ ሰላም ይሰጣል።

አስረክቡ የምላቸው ሰዎች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ጨቅላ ሕፃን ይዞ የሚሄድ፣ ለሠርግ የሚሄድ፣ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ፣ ማርና ቅቤ ካልያዝኩ ዘመድ ቤት አልገባም የሚል። እነሱ የእጅ ሻንጣ ብቻ ቢይዙ ራሳቸውን መቅጣት ነው።

ሻንጣዎቹን እንመዝን

ጠንካራው ባለ ጎማ ሻንጣ፣ ያ የሚያብረቀርቀው የፕላስቲኩ፣ ለዓይን ያምራል። ውስጡ የሚሰበር ነገር ካለ ይጠብቃል፣ ዝናብ አያስገባም፣ ቦሌ ወለል ላይ በጣት ሲገፉት ይንሸራተታል። ችግሩ ባዶ ክብደቱ ነው፤ እንደ አሠራሩ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ተኩል ይደርሳል። ሌላው ችግር ግትርነቱ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ አየር መንገዱ ኪዩ 400 የሚባለውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ይጠቀማል፤ የዚያ አውሮፕላን የላይ መደርደሪያ ከቦይንጉ ያነሰ ነው። ጨርቅ ቦርሳ ተጨምቆ ይገባል። ፕላስቲኩ አልገባም ካለ አልገባም ነው፤ ደረጃው ሥር ይወሰዳል፣ እናንተም በእጅ ብቻ የመጣችሁበትን ዋና ምክንያት እዚያው ታጣላችሁ።

የጨርቅ ባለ ጎማ ሻንጣ ትንሽ ይቀላል፤ የፊት ኪሶቹም ለፓስፖርትና ለስልክ ይመቻሉ። ግን ጎማው፣ የሚሳበው እጀታና የታችኛው ብረት እዚያው ስላሉ ልዩነቱ የሚጠበቀውን ያህል አይደለም።

የጀርባ ቦርሳ በአንድ ኪሎና በአንድ ኪሎ ተኩል መካከል ይመዝናል። ስትገዙ ከፊት እንደ ሻንጣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውን ምረጡ፤ ከላይ ብቻ የሚከፈተው ፍተሻ ላይ ታች ያለውን ለማውጣት ሁሉን ነገር መበተን ያመጣል። የትከሻ ማሰሪያው ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ ይሁን። ዚፑን ደግሞ ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ባለ ሱቁ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

በትከሻ የሚንጠለጠለው የጨርቅ ትራቭል ቦርሳ ከሁሉም ቀላል ነው፤ አንድ ኪሎ የማይሞላው ብዙ ነው። ለአጭር መንገድ ይመቻል። ነገር ግን ሰባት ኪሎ በአንድ ትከሻ ተንጠልጥሎ ረጅም የአየር ማረፊያ ኮሪደር ሲኬድ ማሰሪያው አንገት ሥር ይቆርጣል። አዲስ አበባ ለሚቆም ሰው ጥሩ፣ ኢስታንቡል ወይም ዶሃ ላይ በር ለሚያሯሩጠው ሰው መጥፎ ምርጫ ነው።

አምስተኛ ምርጫ አለ፤ የሐረር ሰው እድለኛ የሚሆንበት። መኪና ግርግር ላይ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ከተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች አንዱን ጠጋ ብላችሁ ከሸራ ጨርቅ በልካችሁ ቦርሳ ማሰፋት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። 55 በ40 በ23 ብላችሁ አትስጡት፤ ዕቃ ሲሞላ ሆዱ ስለሚነፋ 52 በ37 በ20 በሉት። ይህ ለሌሎች አየር መንገዶችም ያግዛል። የቱርክና የጀርመኑ ሉፍታንዛ 8 ኪሎና ያንኑ 55 በ40 በ23 ይፈቅዳሉ፤ የኳታሩ ግን 7 ኪሎ ሆኖ ልኩ 50 በ37 በ25 ስለሆነ ለእሱ ርዝመቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ነው። ሸራው እንዳይከብድ፣ የውስጥ ኪስ አንድ ብቻ እንዲሆን፣ ዚፑን ግን ራሳችሁ ወፍራሙን ገዝታችሁ እንድትወስዱ እመክራለሁ።

መንገዱም ይፈርዳል

ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው አየር ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ከከዚራም ከሳቢያንም ባጃጅ ወይም ታክሲ ይዞ ይደረሳል፤ ባለ ጎማም ቢሆን አያስቸግርም። የሐረሩ መንገደኛ ግን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል መንገድ አለበት፤ አወዳይን፣ ሐረማያን አልፎ ደንገጎን በጥምዝምዙ ይወርዳል። ሚኒባስ ውስጥ ባለ ጎማው ሻንጣ ወይ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ወይ ከኋላ ይጠቀጠቃል፣ ረዳቱም የዕቃ ሒሳብ ይጠይቃል። የጀርባ ቦርሳ ጭን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል።

ከጁገል ውስጥ የሚነሳ ሰው ደግሞ ጎማ ያለው ነገር ባይኖረው ይሻላል። ጠባቡ መንገድ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍበት፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ፣ አንዳንዱ ቦታ ደረጃ ነው። ትንንሾቹ ጎማዎች ድንጋዩ መካከል እየተሰነቀሩ ሻንጣው በየእርምጃው ይገለበጣል። ሸዋ በር ሲደርሱ አንዱ ጎማ ላስቲኩን ጥሎ በፕላስቲኩ ብቻ ሲንቋቋ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ቦሌ ወለል ላይም አይንሸራተትም። አዲስ አበባ የምታርፉበት ሰፈር ኮብልስቶን ከሆነም ነገሩ ያው ነው።

የአራት ቀን ጓዝ በግራም

ወደ አዲስ አበባ ለአራት ቀን ሥራ የሚሄድ ወንድን እናስብ። የጀርባ ቦርሳው 1.1 ኪሎ። ቀጭን የጨርቅ ሱሪ 400 ግራም። ሦስት ካናቴራ 500። የውስጥ ልብስና ካልሲ 400። ሽርጥ 250። ነጠላ ጫማ 400። ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ቅባትና መሰሉ 400። እስካሁን 3.45 ኪሎ ነው። ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ 1.7 ሲጨመርበት 5.15 ይሆናል። አንድ ኪሎ ከ850 ግራም ተርፎታል፤ አንድ ኪሎ ቡናና ግማሽ ኪሎ ሐላዋ ገብቶ ገና ቦታ አለ።

አሁን ቦርሳውን ብቻ ለውጡና ያንኑ ዕቃ ሦስት ኪሎ በሚመዝን ባለ ጎማ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። 7.05 ኪሎ። ቡናው ሳይገባ ከልኩ አለፈ። ክርክሩን ለእኔ የሚዘጋው ይህ ሒሳብ ነው።

ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ የሰፈር ባለ ሱቅ አለ፤ እህል የሚመዝንበት ላይ አስቀምጡት፣ አይከለክላችሁም። የሰው ሚዛን ካገኛችሁ ቦርሳውን ይዛችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ባዶ እጃችሁን፤ ልዩነቱ የቦርሳው ነው። «አቦ ተወው፣ አይመዝኑም» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ባልመዘኑበት ቀን የሄደ ሰው ነው፤ በመዘኑበት ቀን ትርፉን አውጥቶ አስረክብ የተባለውም እዚያው ከተማ አለ።

የሚፈቀደው ትንሽ የግል መያዣ፣ ማለትም የሴት የእጅ ቦርሳ ወይም የላፕቶፕ መያዣ፣ ከዋናው ሻንጣ ጎን ይታያል። ላፕቶፑን ወደዚያ ማዞር ከፈለጋችሁ በጠባቡ አድርጉት። ከዋናው ሻንጣ የሚተልቅ «የእጅ ቦርሳ» ይዞ መቅረብ ግን ሠራተኛውን ማናደድ ነው።

ልብስ፦ ከሙቀት ወደ ብርድ

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከድሬ በካናቴራ የተነሳ ሰው ማታ ቦሌ ሲወርድ ይንዘፈዘፋል፤ ክረምት ከሆነ አይነሳ። ለዚህ የሚያዘው ምንድን ነው? ሦስት ምርጫ አለ።

ጋቢ ይሞቃል፣ ማታ ብርድ ልብስም ይሆናል፣ ግን ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቦርሳውንም ግማሽ ይሞላል። መያዝ ካለበት ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ መሄድ ነው፤ የለበሱት ነገር አይመዘንም። ድሬ ላይ በግንቦት ፀሐይ ጋቢ ደርቦ ወረፋ የቆመን ሰው ሰዉ ያየዋል፤ ይየው። ወፍራም ሹራብ ከጋቢው ይቀላል፣ ዝናብ ግን አይችልም። ውሃ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት ሁለቱንም ያሸንፋል ብዬ አምናለሁ፦ ከሥሩ ሁለት ካናቴራ ከተደረበ ይሞቃል፣ ታጥፎ ደግሞ ከጡጫ ብዙ አይበልጥም። ኪሶቹ ሰፋፊ ከሆኑ ስልክ፣ ቻርጀርና ሰነድ እዚያው ይገባል።

ፎጣ አትያዙ። ሽርጥ ያዙ። ይህ የእኛ አካባቢ ሰው ከማንም በፊት የደረሰበት ነገር ነው፤ ውጭ አገር ሰው ለዚህ ሥራ ውድ የጉዞ ፎጣ ይገዛል። ሽርጥ የሌሊት ልብስ ነው፣ ከገላ መታጠብ በኋላ ፎጣ ነው፣ አውሮፕላን ውስጥ ሲበርድ መሸፈኛ ነው፣ መስገጃም ይሆናል፣ ታጥቦም ጠዋት ይደርቃል። የቤት ፎጣ ሁለት እጥፍ ይመዝናል፣ አዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ሳይደርቅ ይሸታል። ሴቶች ተመሳሳዩን ሥራ በሰፊ የጥጥ ሻርፕ ወይም በነጠላ ይሠሩበታል።

ጂንስ ከያዛችሁ ለብሳችሁ ሂዱ፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ቀጭኑ ይሁን። ጫማም እንደዚሁ፦ ከባዱ እግር ላይ፣ ቀላሉ ቦርሳ ውስጥ። ሦስተኛ ጫማ የለም።

ለዑምራ የሚሄድ ወንድ ኢሕራሙን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ሌላ ሻንጣ ቢያስረክብ እንኳ። ሚቃት፣ ማለትም ኢሕራም ሳይለበስ የማይታለፈው ወሰን፣ የሚታለፈው አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ ስለሆነ፣ ከታች የተላከ ኢሕራም ጅዳ ላይ ቢገኝ ምን ይረባል? ሁለቱ ነጭ ጨርቆች፣ ነጠላ ጫማና ሽታ የሌለው ሳሙና ቦርሳውን አይሞሉም። ዑምራ ስትሄዱ በእጅ ብቻ ከሚቻሉ ጉዞዎች አንዱ ነው። ስትመለሱ ግን ዘምዘም አለ፤ እሱ ካቢን አይገባም፣ አየር መንገዱ በሚያዘው መንገድ ይላካል።

አደራ

ለሰባት ኪሎ ትልቁ ጠላት ልብስ አይደለም፣ የጎረቤት አደራ ነው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ዕቃ በመጫንና በማራገፍ ያደገች ከተማ ናት፤ «ባዶ እጁን የሚሄድ» መንገደኛ ለእኛ ሰው አይዋጥለትም። ትኬት የቆረጣችሁ ቀን ማታ በሩ ይንኳኳል።

«ልጄ፣ እሄዳለሁ አልክ አሉ። ይቺን ትንሽዬ ነገር ለእህቴ ልጅ...»

ትንሽዬዋ ነገር በሁለት ፌስታል ተጠቅልላ፣ በፕላስተር ዙሪያዋን ታስራ ትመጣለች። በእጅ ሲያነሷት ሁለት ኪሎ በርበሬ ናት። ቀጥሎ ሽሮ፣ ቀጥሎ የሕፃን ልብስ፣ ቀጥሎ «ምንም አትከብድም» የተባለች ጫማ።

መልስ አሰጣጡ ላይ ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ትኬቱን ደብቆ ሄዶ ከደረሰ በኋላ ይደውላል። ሰላም ያለው ይመስላል፣ ሲመለስ ግን ቅሬታው ይጠብቀዋል። ሌላው እሺ ብሎ ይቀበልና አየር ማረፊያ በር ላይ ለሸኘው ሰው ትቶት ይሄዳል፤ ይህ ከእምቢታ የከፋ ነው። ለእኔ የሚሻለው ቦርሳውን አምጥቶ ማሳየት ነው፦ «እማማ፣ ሻንጣ አላስረክብም፤ ይኸው ይህቺን ብቻ ነው የምይዘው፣ ሰባት ኪሎ ነው የሚፈቅዱት። ፎቶና ደብዳቤ ካለ ስጡኝ፣ ለሌላው ሰው ልፈልግልዎት።» ያዩት ነገር ስለሆነ አይከፉም። ወደ አዲስ አበባ ለሆነ ዕቃ በረጅም ርቀት አውቶቡስ መላክ የተለመደ ነው፤ ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ይሄዳል፣ እዚያ ያለው ሰው ተቀብሎ ይወስዳል። ይህን ራሳችሁ ብታደርጉላቸው አደራውን ተወጣችሁ ማለት ነው።

ወደ ውጭ ሲሆን ግን ጨዋታ የለም። በፕላስተር የታሰረ፣ ውስጡን ያላያችሁትን ነገር አትቀበሉ፣ ላኪው የእናታችሁ ወንድም ቢሆንም። «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያሸግከው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ መልሱ አዎ መሆን አለበት። ጫት እዚህ የዕለት ነገር ነው፤ አወዳይን አልፎ የመጣ ሰው ቦርሳው ውስጥ አንድ እስር ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ ግን በአደንዛዥ ዕፅ ያስከስሳል፣ እንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። በጫት ሰሞን የተጠቀማችሁበትን ቦርሳ ከመብረራችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፣ የስፌቱን ጥግ ሳይቀር።

ከሐረር ምን ይዞ መሄድ ይሻላል?

በእጅ ሻንጣ የሚመጥን ስጦታ ሦስት ነገር ያሟላ፦ ፈሳሽ ያልሆነ፣ የማይሰበር፣ ክብደቱ ለክብሩ የሚገባ።

ቡና አንደኛ ነው። ጥሬው ወይስ የተቆላው? ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል፤ ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሚዛን የተቆላው ብዙ ስኒ ይሰጣል። ግን አዲስ አበባ ያለች ዘመድ የሐረር ቡና ሲመጣላት ጥሬውን አጥባ፣ ቆልታ፣ ጭሱን ለቤቱ ማሽተት ትፈልጋለች፤ ለእሷ የተቆላ ይዞ መሄድ ግማሽ ስጦታ ነው። ለዘመድ ጥሬ፣ ለሥራ ባልደረባ የተቆላ ፍሬ። የተፈጨ አልመክርም፤ ሽታው ቶሎ ይሄዳል፣ ዱቄት ስለሆነም ከዚህ በታች የምጠቅሰው ጉዳይ ይነካዋል።

ሐላዋ በካርቶን ከሆነ ጥሩ ነው። በስስ ፌስታል ከሆነ ቅባቱ ይወጣና ካናቴራችሁ ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛ ፌስታል ጨምሩበት።

የሐረር ስፌት ልብ የሚሰርቅ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጠፍጣፋው ስፋቱ ከ38 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ ከቦርሳው ጀርባ በኩል፣ ከልብሱ ጋር ተደግፎ ቆሞ ይገባል፤ እንዲያውም ቦርሳውን ቅርጽ ይሰጠዋል። ክዳን ያለው ሞሰብ መሰሉ ግን ትንሹም ቢሆን ባዶ ቦታ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ውስጡ ካልሲና ካናቴራ ካልጠቀጠቃችሁበት ይቅር። ለማስታወሻ የተገዛ ጩቤ ካቢን አይገባም፤ ፍተሻ ላይ ይቀራል።

ለቁልቢ የሚመጣ መንገደኛም አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ አውሮፕላኑም መንገዱም ይሞላል። ስለት ያለበት ሰው ጥላውን ከአዲስ አበባ ይዞ ልብረር ካለ የጃንጥላው ርዝመት ከእጅ ሻንጣ አያስገባውምና ይጠይቅ፤ ካልሆነም ድሬ ደርሶ ይግዛ።

ፈሳሽ፣ ዱቄትና ባትሪ

ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሁሉም አንድ ሊትር በሚይዝ ውስጡ በሚታይ ከረጢት ይገባል። የሚቆጠረው የዕቃው ልክ ነው፤ 200 የሚል ጠርሙስ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ይወሰዳል። ማር ፈሳሽ ነው። ለጋ ቅቤና የፀጉር ቅቤም ከዚሁ ይቆጠራል፣ «ረግቷል እኮ» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ሽቶና ዓጣር በትንንሽ ጠርሙስ ከሆነ ችግር የለም።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ተጨማሪ ነገር አለ። ከሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከውጭ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ያመጣል፣ ምንነቱ ካልተለየም ካቢን አይገባም። በርበሬና ሽሮ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። 350 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ መካከለኛ የለስላሳ ቆርቆሮ ያህል ነው፤ ለአንድ ሰሞን ወጥ ይበቃል፣ ለዓመት አይበቃም። የዓመቱ በሚረከበው ሻንጣ ይሂድ።

ፓወር ባንክ በተቃራኒው ነው፤ በእጅ ብቻ ይያዛል፣ በሚረከብ ሻንጣ ክልክል ነው። ልኩ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል፤ 30,000 የሚለው ከመቶ ስለሚያልፍ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ስትገዙ ልኩ በግልጽ የታተመበትን ምረጡ። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም የተጋነነ ቁጥር የተለጠፈበት ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያበዛባችኋል።

ለማን የቱ?

ከሐረር ለሚነሳ፣ ለሥራ ወይም ለቀጠሮ ለሚሄድ፣ የጀርባ ቦርሳ፤ ክርክር የለውም። ከድሬ ለሚነሳ አጭር ተጓዥ የጨርቅ ትራቭል ቦርሳም ይበቃዋል። ወገቡን ወይም ትከሻውን የሚያመው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ባለ ጎማ ይያዝ፤ የጨርቁን ይምረጥ፣ ልብስ ይቀንስ፣ ድሬ ላይ እስከ በሩ በታክሲ ይምጣ። ሱፍ ልብስ ሳይታጠፍ ማድረስ ያለበት ሽማግሌ ወይም ሙሽራ ጠንካራውን ይያዝ፤ ሱፉንም አስረክቦ ቢሄድ ይሻለዋል። ተማሪ ከሆናችሁና መጽሐፍ ካላችሁ፣ መጽሐፍ በኪሎ ከሁሉ ይብሳልና አስረክቡ።

ሁሉም ምርጫ ላይ የሚሠራ አንድ ነገር ይቀራል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ስልክ፣ ገንዘብና ፓወር ባንክ በአንድ ትንሽ ከረጢት ሆነው ከቦርሳው አፍ ላይ ይቀመጡ። ትንሹ አውሮፕላን ሞልቶ ደረጃው ሥር «ቦርሳውን ስጡን፣ ታች ይሄዳል» ከተባላችሁ ያንን ከረጢት መዝዛችሁ ቀሪውን ትሰጣላችሁ። ከኋላችሁ ሰው ተሰልፎ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ መድኃኒቱ የትኛው ኪስ ውስጥ እንደሆነ የሚፈለግበት ጊዜ አይደለም።